ጣና ላይ ከመውጣትዎ በፊት፦ ስለሚቀያየር የአየር ትንበያና ስለ ጀልባ ጉዞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከባህር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት፣ ወደ ደቅ ወይም ወደ ጎርጎራ በጀልባ ለሚሄዱ፣ በታንኳ ዓሣ ለሚያጠምዱና ቤተሰብ ይዘው ሐይቁ ዳር ለሚውሉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ሌላ ካልተባለ በቀር ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ትናንት ማታ ስልኬ «ነገ ብራ ነው» ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ «ከሰዓት ነጎድጓድ» ይላል። የቱን ልመን?

የኋለኛውን ይመኑ። ትንበያ ከሳተላይት፣ ከምድር ጣቢያዎችና ወደ ሰማይ ከሚለቀቁ ፊኛዎች በሚገኝ መረጃ ይሠራል። እንደ ጂ.ኤፍ.ኤስ. ያሉት ትልልቅ የኮምፒውተር ሞዴሎች በቀን አራት ጊዜ አዲስ መረጃ እየወሰዱ እንደገና ያሰላሉ። የጠዋቱ ትንበያ ማታ ያልነበረ መረጃ በእጁ ስላለ ነው የተለየው።

ጣና ላይ ሌላም ችግር አለ። የአውሮፓው ሞዴል ዓለምን በ9 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአሜሪካው ጂ.ኤፍ.ኤስ. ደግሞ በ13 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከፋፈለ ነው የሚያየው። አንድ ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ግን ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ተነሥቶ፣ ዶፉን ጥሎ እስኪበተን ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ለባህር ዳር ቅርብ በሆነችው በክብራን ደሴት ላይ ሲወርድ ባህር ዳር ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትንበያው «ዛሬ ከሰዓት በጣና ዙሪያ ነጎድጓድ ይኖራል» ሲል በቁም ነገር ይውሰዱት። «ዘጌ ላይ 9 ሰዓት ላይ ይዘንባል» ሲል ግን ሰዓቱንና ቦታውን እንደ ግምት ይያዙት፤ 7 ሰዓት ላይም ሊመጣ ይችላል፣ ጭራሽ ሊቀርም ይችላል።

መቀያየሩ በራሱ የሚነግርዎት ነገር አለ። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ጠዋትና ማታ፣ በጉዞው ዕለት ደግሞ ከመነሣትዎ በፊት ይመልከቱ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ነገር ካሉ ቀኑ በአንጻሩ የታወቀ ነው። አንዱ ብራ፣ አንዱ ዶፍ፣ አንዱ ደመና ካለ ሰማዩ ገና አልለየለትም ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቀን ሩቁን ደቅ ትተው ቅርቦቹን ደሴቶች ክብራንን ወይም እንጦስን ይምረጡ።

«60 በመቶ ዝናብ» ሲል ግማሽ ቀን ይዘንባል ማለት ነው?

አይደለም። በዚያ ቦታ፣ በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ ዝናብ የመጣሉ ዕድል ከአሥር ስድስት ነው ማለት ነው። ምን ያህል እንደሚከብድም ሆነ ምን ያህል እንደሚቆይ አይናገርም። ለጀልባ ተሳፋሪ 30 በመቶ ነጎድጓድ ከ90 በመቶ ካፊያ ይልቅ ያሳስባል፤ ካፊያ ልብስ ያረጥባል፣ ነጎድጓድ ጀልባ ይገለብጣል። መቶኛውን ሳይሆን ከጎኑ ያለችውን የመብረቅ ምልክት ይፈልጉ።

ትንበያውን ስመለከት ከዝናብ ሌላ ምን ልይ?

ከሁሉ በፊት ነፋሱን። ብዙ አፖች ሁለት ቁጥር ያሳያሉ፦ አማካይ የነፋስ ፍጥነትና «ጋስት» ብለው ለብቻው የሚጽፉት ድንገተኛ ግፊት። ጀልባን የሚያናጋው ሁለተኛው ስለሆነ ውሳኔዎን በእሱ ያድርጉ።

መለኪያውንም ያረጋግጡ። በሴኮንድ ሜትር ከሆነ በ3.6፣ በኖት ከሆነ በ1.85 ሲያባዙት በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሆናል። «10» የሚለው ቁጥር በኪሎ ሜትር ሽውታ ነው፤ በሴኮንድ ሜትር ከሆነ ግን 36 ኪሎ ሜትር ነውና ትንሽ ጀልባ መውጣት የለባትም።

በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ውሃው ላይ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ይታያል፤ ታንኳ ከዳር መራቅ የለበትም። ከ20 እስከ 28 ሲሆን አረፋው ይበዛል፤ ክፍት የሆነች ትንሽ ሞተር ጀልባ ለአጭርና ከነፋስ ለተከለለ መንገድ ካልሆነ አትውጣ። 29 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሞገዱ ውሃ መርጨት ይጀምራል፤ ያኔ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ያድርጉት።

የሰዓቱ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። አፑ 15:00 ካለ 6 ቀንሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ይበሉ። በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የሚያሳዩ ድረ ገጾችም አሉ፤ በዚያ ጊዜ 3 ብቻ ይቀንሱ፦ የዩቲሲ 12:00 የእኛ 9 ሰዓት ነው። ይህን አጥርተው ያላወቁ ሰዎች «ማዕበሉ አልፏል» ብለው በትክክል በሚመጣበት ሰዓት ይነሣሉ።

ከስልክ አፕ ውጭ የት ልጠይቅ?

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዕለት፣ የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነገራል። የወቅቱና የአሥር ቀኑ ትንበያ ዕቅድ ለማውጣት፣ የዕለቱ ደግሞ ለመነሣትና ለመቅረት ይጠቅማል። ከዚያ ወደብ ላይ ወርደው ያን ቀን ጠዋት ከሐይቁ የተመለሰ ካፒቴን ይጠይቁ። «ውሃው እንዴት ነው?» ብቻ አይበቃም፤ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሆነና ከደሴቶቹ ወዲያ ያለው ክፍት ውሃ ምን እንደሚመስል ይጠይቁት።

በስንት ሰዓት ብወጣ ይሻላል?

በጠዋት። ቀን ላይ መሬቱ ከውሃው ቶሎ ይግላል፤ የጋለው አየር ሽቅብ ሲወጣ በቦታው ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይገባል። ባህር ዳር በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስላለች ይህ የቀን ነፋስ ከሰሜን፣ ከሐይቁ መሃል ወደ ከተማዋ ይመጣል። ፀሐይ በበረታች ቁጥር ነፋሱም ከእኩለ ቀን በኋላ ይበረታል። በሰሜን በኩል እስከ ጎርጎራ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ ስላለ ሞገዱ የሚያድግበት ሜዳ ሰፊ ነው።

በተግባር ሲታይ፣ በሞተር ጀልባ ዘጌ ወደ አንድ ሰዓት ይወስዳል። 1 ሰዓት ላይ ተነሥተው 2 ሰዓት ቢደርሱ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን ተሳልመው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሡ፣ ከ6 ሰዓት በፊት ባህር ዳር ነዎት። ደቅ ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እንደ ጀልባው ፍጥነት መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቢነሡ እንኳ ናርጋ ሥላሴን አይተው ሲመለሱ ከሰዓቱ ነፋስ ጋር መገናኘትዎ አይቀርም። ነጎድጓድ በሚበዛባቸው ወራት ደቅን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ማድረግ አንመክርም። እዚያው ለማደር ተዘጋጅተው ይሂዱ።

የመመለሻውን ሰዓት ከመነሣትዎ በፊት ከካፒቴኑ ጋር ይቁረጡና ተሳፋሪው ሁሉ እንዲያውቀው ያድርጉ። ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው ጠዋት ሲወጡ ሳይሆን «ትንሽ ቆይተን እንሂድ» ተብሎ 8 ሰዓት ሲሆን ነው።

ማታስ? ነፋሱ ስለሚቆም ይሻላል ይባላል።

ዳር ላይ ጸጥ ማለቱ እውነት ነው፤ ጸጥታው ግን ያታልላል። ማታ ነፋሱ ተገልብጦ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። ሞተሩ የጠፋበት ጀልባ ወይም ቀዛፊው የደከመበት ታንኳ ከዳር ወደ መሃል ይነዳል። በተጨማሪም ከአራቱም ማዕዘን ወደ ሐይቁ የሚነፍሰው አየር መሃል ላይ ይጋጠምና ሽቅብ ይወጣል፤ ክረምት ላይ ሐይቁ ውስጥ የሚወርደው ዝናብ አብዛኛው የሌሊት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዙሪያው ባለው ደጋ ደግሞ ዝናቡ ከሰዓት ያመዝናል። በጨለማ ማዕበል ቢነሣ የሚመጣበትን አቅጣጫ ማየት አይቻልም፤ ሌላ ጀልባም አያይዎትም።

ታዲያ በክረምት ጨርሶ አይኬድም?

ይኬዳል፤ የሚመረጠው ሰዓትና መንገድ ነው። ባህር ዳር በዓመት ከምታገኘው ዝናብ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ዋናዎቹ ናቸው። በእኛ ግምት ግን ለጀልባ ይበልጥ የሚያሰጉት ክረምቱ የሚገባበትና የሚወጣበት ጊዜ ናቸው፦ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ፣ ከዚያም መስከረም። ከደመናው በታች ያለው አየር ገና ደረቅ ሲሆን የሚወርደው ዝናብ በአየር ላይ እያለ ይተናል፤ በመትነኑ አየሩን ያቀዘቅዛል። የቀዘቀዘው አየር ይከብድና እየተምዘገዘገ ይወርዳል፣ ውሃው ላይ ሲደርስም በየአቅጣጫው ይፈነጥቃል። ጥቂት ጠብታ ብቻ የጣለ ደመና ክፉ ነፋስ የሚለቅበት ምስጢር ይህ ነው።

ሌላም አለ። የጣና ውሃ በዓመቱ ዝቅ የሚለው ሰኔ አካባቢ፣ ከፍ የሚለው ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ስለዚህ ነጎድጓዱ በሚጀምርበት ወር ሐይቁ ዝቅ ብሎ ዳር ዳሩና ደሴቶቹ አጠገብ ያለው ድንጋይ ለጀልባ ሆድ ቀርቧል። ከማዕበል ሸሽቶ በማያውቁት ዳር በፍጥነት መግባት በዚህ ወቅት ሁለተኛ አደጋ ነው። ፍጥነት ቀንሰው፣ ከፊት አንድ ሰው ውሃውን እያየ ይግቡ።

ጣና ጥልቀት የለውም ይባላል። ማዕበሉ ለምን ይከፋል?

ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ወይም 15 ሜትር፣ በአማካይ 9 ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ ግን ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በውቅያኖስ ላይ ሞገድ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ ይረዝማል፣ ይለሰልሳል፤ ጀልባ ወጣ ገባ እያለ ያልፈዋል። ጣና ላይ ድንገት የሚነሣው ሞገድ ግን አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱን ሳይጨርሱ ሁለተኛው ይደርሳል። ዳር አካባቢ ውሃው አንድ ሁለት ሜትር ብቻ ሲሆን ደግሞ ሞገዱ መሬት ይነካና ወደ ፊት ይሰበራል። ለሚሰጥም ሰው አምስት ሜትርም አምስት መቶ ሜትርም አንድ ነው።

ማዕበል ሲመጣ ከሰማዩ ላይ እንዴት አውቃለሁ?

ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ በዙሪያው ካሉት ተራሮች በላይ ደመናው ሽቅብ መቆለል ከጀመረ ይከታተሉት። ስፋቱ ሳይሆን ቁመቱ ነው የሚያስፈራው። ጫፉ እንደ አበባ ጎመን ጥርት ብሎ የሚፈላ ከሆነ እያደገ ነው። ጫፉ ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ከሆነ ደመናው አድጎ ጨርሷል፤ መብረቁም፣ ነፋሱም፣ በረዶውም ከእሱ ይጠበቃል። ሆዱ ጠቁሮ ከሥሩ ግራጫ መጋረጃ ከተዘረጋ እዚያ እየዘነበ ነው።

በጣም የቀረበው ምልክት ግን ውሃው ላይ ነው። ሞቅ ብሎ የቆየው አየር ድንገት ይቆማል፤ ሐይቁ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ከዚያ ከደመናው በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ፊትን ይመታል፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ ይመጣል። በዚያው አቅጣጫ ውሃው ላይ ጥቁር መስመር ይታያል፤ ከመስመሩ ኋላ ነጭ አረፋ አለ። ይህ የነፋሱ ግንባር ነው፤ ከዝናቡ ብዙ ኪሎ ሜትር ቀድሞ ሊሄድ ይችላል። ግንባሩ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝና 4 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢያዩት ያለዎት ጊዜ 6 ደቂቃ ነው። ላይፍ ጃኬት ለመልበስና ሰውን ለማስቀመጥ ይበቃል፣ ባህር ዳር ለመድረስ አይበቃም። ስለዚህ ውሳኔው ደመናው ሲቆለል እንጂ መስመሩ ሲታይ መሆን የለበትም።

ደመናው ከሚነፍሰው ነፋስ ተቃራኒ ሲመጣ ብዙ ሰው ይዘናጋል። «ነፋሱ ወደዚያ ስለሚነፍስ አይደርስብንም» ይባላል። ትልቅ ደመና የሚሄደው በላይኛው ነፋስ ነው፤ በሥሩ ያለው ነፋስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ደመናው ይሳባል። በተቃራኒ እየነፈሰ የሚቀርብ ደመና የተለመደ ነገር ነው።

መብረቅ ቢሆንስ?

ብልጭታውን አይተው ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሴኮንዱን ይቁጠሩና ለ3 ያካፍሉት፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጥዎታል። 30 ሴኮንድ ማለት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ካነሰ አደጋ ውስጥ ነዎት። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰሙ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይነሡ፤ ዝናቡ ሲያባራ ተቻኩሎ መነሣት ትልቅ ስሕተት ነው፣ መብረቅ ከዝናቡ ጠርዝ ውጭም ይወርዳል።

ክፍት ሐይቅ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ጀልባውና በላዩ ያለው ሰው ነው። መድረስ የሚቻል ዳር ካለ ይድረሱ። ካልተቻለ ሁሉም ዝቅ ብሎ መሃል ላይ ይቀመጥ፤ እጅና እግር ከውሃው ይውጣ፤ የጣራውን ብረት፣ ሞተሩንና የብረት ምሰሶውን ማንም አይንካ። የዓሣ ዘንግና ማንኛውንም ረጅም ነገር ያስተኙ። መዋኘት ላይ ያለ ሰው ወዲያውኑ ይውጣ።

ዳር ከወጡ በኋላ ብቻውን የቆመ ዋርካ ወይም ሾላ ሥር አይጠለሉ። መብረቁ በዛፉ ወርዶ ወደ ሰው ይዘልላል፣ በመሬቱም ይሰራጫል። ግድግዳና ጣሪያው የተሟላ ቤት ወይም በሩ የተዘጋ መኪና ይሻላል። በመብረቅ የተመታ ሰው ሰውነት ኤሌክትሪክ አይዝም፤ መንካት አያስፈራም። ትንፋሹ ከቆመ ወዲያው ደረቱን መጫን ይጀምሩ።

ጀልባ ስከራይ ምን ልፈትሽ?

ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ላይፍ ጃኬቶቹን በዓይንዎ ይቁጠሩ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ለልጅ የልጅ ልክ። ወንበር ሥር ተቆልፎ ወይም በገመድ ተጠፍሮ ያለው እንደሌለ ይቆጠራል። ማሰሪያውና ዚፑ እንደሚሠራ ይሞክሩ። ፀሐይ የበላው፣ ሲጨምቁት የሚፈረፈር ወይም ውሃ ጠጥቶ የከበደ ከሆነ ይመልሱት።

ቀጥሎ ነዳጅ። ልማዱ ሦስት እጅ ማድረግ ነው፦ አንድ እጅ ለመሄጃ፣ አንድ እጅ ለመመለሻ፣ አንድ እጅ ለድንገተኛ። በማዕበል ላይ ሞተር ከወትሮው በላይ ይበላል፤ የሦስተኛዋ እጅ ጥቅም ያኔ ይታያል። በክረምት ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ መግባቱ የተለመደ ችግር ነው። ክዳኑ ያልገጠመ ጀሪካን ዝናብ ያስገባል፤ ውሃው ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል፣ ጀልባው መናወጥ ሲጀምር ግን ተነሥቶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ሞተሩ በጥሩ ውሃ ላይ ሠርቶ በማዕበል መሃል የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። ትርፍ ካንዴላና የካንዴላ መፍቻ መኖሩን ይጠይቁ።

ሁለት መቅዘፊያ፣ ቢያንስ 40 ሜትር ገመድ፣ መልሕቅ፣ ውሃ መቅጃ ባልዲ፣ ፊሽካና የሚሠራ የእጅ ባትሪ ጀልባው ላይ መኖር አለባቸው። ስልክዎን በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ይቋጥሩት። ሞተሩ የደህንነት ገመድ ካለው ካፒቴኑ ከእጁ ወይም ከቀበቶው ጋር ይሰረው፤ ቢወድቅ ሞተሩ ይጠፋል፣ ጀልባው ተሳፋሪውን ይዞ አይሄድም፣ ዞሮም ካፒቴኑን አይመታም።

በመጨረሻ የሰውን ቁጥር ይመልከቱ። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ የጀልባው ጠርዝ ከውሃው በላይ ከሁለት ስንዝር ያነሰ ከሆነ በዝቷል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት የካቲት 16፣ ክብራን ገብርኤል ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 ሲነግሡ መጨናነቅ ይኖራል። በተለይ የሐምሌው በክረምቱ መሃል የሚውል ስለሆነ፣ የሞላ ጀልባ ላይ ከመሳፈር ቀጣዩን መጠበቅ ወይም በዋዜማው ጠዋት መሻገር ይሻላል።

ዋና እችላለሁ። ላይፍ ጃኬት ግድ ነው?

አዎ። ጀልባ ሲገለበጥ ሰው በጠርዙ ወይም በሌላ ሰው ጉልበት ተመቶ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ልብስና ጫማ ውሃ ይጠጣል፤ የማይችሉትም በሚችለው ላይ ይንጠለጠላሉ። ሲለብሱ ማሰሪያውን ሁሉ አጥብቀው ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳብልዎ፤ ጃኬቱ አገጭና ጆሮ ድረስ ከተነሣ ሰፍቷል። ለልጅ በእግሮቹ መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለውን ይፈልጉ። ነጠላና ጋቢ ከጃኬቱ በላይ ሳይሆን ከሥር ይሁን፤ ነጠላን አንገት ላይ ጠምጥሞ መሳፈር አደገኛ ነው።

መሃል ላይ እያለን ማዕበል ቢይዘንስ?

ጃኬት ያልለበሰ ይልበስ። ሁሉም ከወንበር ወርዶ ወለሉ ላይ፣ መሃል ለመሃል ይቀመጥ፤ ማንም አይነሣ፣ ወደ አንድ ጎን አያጋድል። ካፒቴኑ ፍጥነቱን ይቀንስና የጀልባውን አፍንጫ ወደ ሞገዱ ያዙር፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ሰያፍ አድርጎ። ሞተሩ መሪውን ለመታዘዝ የሚበቃ ጉልበት ይኑረው፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ጎኑን ለሞገድ የሰጠ ጀልባ ይገለበጣል።

ከደቅ ወይም ከዘጌ ወደ ባህር ዳር ሲመለሱ የሰሜኑ ሞገድ ከኋላ ይመጣል። ጉዞው የሚፈጥን ይመስላል፤ ችግሩ ሞተሩ በተንጠለጠለበት በዝቅተኛው የኋላ ጠርዝ በኩል ውሃ መግባቱ ነው። ሞገዱ ኋላውን መሙላት ከጀመረ ሞገድ እስኪያልፍ ጠብቀው፣ በሁለቱ መሃል ፈጥነው አፍንጫውን ወደ ሰሜን ያዙሩና እስኪበርድ ድረስ ቦታ ይያዙ። ማዕበሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ወይም ነፋሱን ከሚከልል ደሴት ጀርባ ይጠለሉ።

ውሃውን ወዲያው ይቅዱ። 6 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ጀልባ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢቆም ወደ 900 ኪሎ ይመዝናል፤ አሥራ ሁለት ሰው ተጨማሪ እንደመጫን ነው። ሰው በቦታው ይቀመጣል፣ ውሃ ግን ጀልባው ባጋደለ ቁጥር ወደ ዝቅተኛው ጎን ይጎርፋል።

ሞተሩ ቢጠፋ በመቅዘፊያ አፍንጫውን ወደ ሞገዱ ይያዙ። መልሕቅ ካለ ከፊት በኩል ይጣል፤ ጣና ጥልቅ ስላልሆነ 40 ወይም 50 ሜትር ገመድ ብዙ ቦታ ይበቃል። መልሕቅ ከሌለ ባልዲ ወይም የተጠቀለለ ሸራ በገመድ አስረው ከፊት ይጣሉ፤ ጎታች ሆኖ ጀልባውን ወደ ሞገዱ ያዞረዋል።

ጀልባው ቢገለበጥ ወደ ዳር ልዋኝ?

አይዋኙ። የተገለበጠ ጀልባ ብዙ ጊዜ አይሰጥምና ይያዙት፤ ከሩቅ የሚታየውም እሱ ነው። ውሃ ላይ ሆነው ርቀት ሲገምቱ ዳሩ ከእውነቱ ይቀርባል። የጣና ውሃ ለብ ያለ ቢሆንም ከሰውነት ሙቀት በብዙ ስለሚያንስ ሰዓት ሲቆዩ ብርዱ ያደክማል። ተጠጋግተው ይያያዙ፣ ልጆችን መሃል ያድርጉ፣ ፊሽካውን ሦስት ሦስት ጊዜ እየነፉ ያርፉ።

ከውሃ የወጣ ሰው የማይተነፍስ ከሆነ ውሃውን ለማስወጣት ሆዱን አይጫኑ፣ ቁልቁል አይዘቅዝቁት። በጀርባው አስተኝተው፣ አፍንጫውን ይዘው አምስት ጊዜ በአፉ ይንፉ፤ ከዚያ ደረቱን መሃል ላይ 30 ጊዜ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠለቅ አድርገው ይጫኑ፣ ሁለት ጊዜ ይንፉ። ሐኪም እስኪረከብ ይቀጥሉ። ነፍሱን መልሶ የተናገረም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ሳንባ የገባ ውሃ ከሰዓታት በኋላ ሊያባብስበት ይችላል።

እምቦጭ ከአየር ጠባይ ጋር ምን አገናኘው?

ነፋስ ይነዳዋል። ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ የሚያድገው አረም፣ እምቦጭ፣ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳር የሚታይ ሲሆን ምንጣፉ በነፋስ እየተነሣ ቦታ ይቀይራል። ጠዋት ክፍት የነበረ መውጫ ከሰዓት ሊዘጋ ይችላል። ሥሩ ፕሮፔለሩን ይጠመጥመዋል፤ ቅጠሉ ደግሞ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ መግቢያ ይደፍናል። ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ቀጭን ውሃ ከቀነሰ ወይም ከቆመ ወዲያው ያጥፉ፣ ሞተሩን አንሥተው ያጽዱ። ሳያጠፉ በእጅ መጎልጎል ጣት ያስቆርጣል።

በታንኳ ለሚወጣስ?

የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይሄዳል። ጠዋት ቀሎ የነበረው ከሰዓታት በኋላ ከብዶና ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ማዕበልን የሚቋቋምበት አቅም የሚያንሰው ነፋሱ በሚነሣበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ለታንኳ የጠዋቱ ገደብ ከሞተር ጀልባ ይጠብቃል፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ከዳር መራቅ አይመከርም። ከአባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ ስለሚኖር ይራቁ፤ በተለይ ማለዳና አመሻሽ። እዚያው መውጫው ላይ ወዳለው የጨራ ጨራ ግድብ በሮችም አይጠጉ፤ በሮቹ ሲከፈቱ ውሃው ይስባል።

ልጆቼ ዳር ላይ ብቻ ነው የሚጫወቱት። የሚያሰጋ ነገር አለ?

ከሰዓት በሰሜን ነፋስ ሞገድ ዳሩን ስለሚመታ እርጥብ ድንጋይ ላይ አያቁሟቸው። ነሐሴና መስከረም ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቃሉ፤ በዚያ በኩል ትናንት መንገድ የነበረው ዛሬ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሣር በበዛበት የቆመ ውሃ ውስጥ መንቦጫረቅ ብልሃርዝያ ያስይዛል።

ካፒቴኑ «ዛሬ አይሆንም» አለኝ፤ ሰማዩ ግን ብራ ነው። ገንዘብ ጨምሬ ላሳምነው?

አይጨምሩ። ይልቅ ያየውን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ደሴት ላይ ሳሉ «እንጠብቅ» ቢልም እንዲሁ ያድርጉ። ለአንድ ሌሊት የሚበቃ ስንቅ፣ ጋቢና መድኃኒት ቀድሞ በሻንጣ ውስጥ ከገባ መጠበቅ አይከብድም። ባህር ዳር ለሚጠብቅዎት ዘመድም ከመነሣትዎ በፊት የጀልባውን ስም፣ የሄዱበትን ቦታና የመመለሻ ሰዓትዎን ይንገሩት። ሐይቁ ውስጥ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ከዚያ ሰዓት ሁለት ሰዓት አልፎ ካልደወሉ የጀልባ ማኅበሩንና ፖሊስን እንዲጠይቅ ይስማሙ።